ጋሽ ቅጣውና አራቱ አሞርዛተሮች

አንድም ከተማ ያለ አነጻጻሪ አልተቆረቆረም። አነጻጻሪ ስል ዕቃው ሳይገዛ፣ ተገዝቶም፣ አርጅቶ ተጥሎም ማወዳደሩን የማይተው ሰው ማለቴ ነው። እናንተም ሰፈር አንድ አለ። ጫማ ገዝታችሁ ስትመለሱ «እዚያ ማዶ ያለውን ሱቅ አይተኸዋል?» ብሎ ደስታችሁን የሚያበላሽባችሁ እሱ ነው። የእኛ የሰቆጣው ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። ሊቀ አሞርዛተር ጋሽ ቅጣው ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም አልተቃወሙም።

ለማያውቅ ሰው፣ አሞርዛተር ማለት መኪና ጉድጓድ ስትገባ ንረቷን ውጦ የሚያስቀር፣ በየጎማው አጠገብ የሚቆም ዘይት የሞላው ቱቦ ነው። በሌላ አገር ይህን የሚያውቁት መካኒኮች ብቻ ይሆናሉ። በዋግ ኽምራ መንገድ የሄደ ሰው ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ አሞርዛተር የሞተባትን መኪና ገና ከሩቅ በአካሄዷ ይለያታል።

ጋሽ ቅጣው አንዲት ፒካፕ ነበረቻቸው። ቀለሟ ነጭ እንደሆነ ሊብሬዋ ላይ ተጽፏል። እኔ ያኔ በወረዳ የንብ ባለሙያ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤታችን የረባ መኪና ስላልነበረው እሷን እየተከራየን ገጠር እንወጣ ነበር። ስለዚህ ጋሽ ቅጣውን እንደ ሌላው ሰው በወሬ ሳይሆን በመቀመጫዬ ነው ያወቅኋቸው።

ሰላምታ እንኳ አነጻጽረው ነው የሚቀበሉት።

«ጋሽ ቅጣው፣ እንዴት አደሩ?»

«ከምን አንጻር?»

ዛሬ ይበርዳል ሲሏቸው «ከምን አንጻር?»፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ሲሏቸው «ከምን አንጻር?»። አንድ እሑድ ቄሱ ስለ ገሃነም እሳት ሲሰብኩ ጋሽ ቅጣው ከኋላ ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የጠየቁት ያንኑ ይመስለኛል።

አንድ ሰሞን በግራ እግራቸው በረባሶ፣ በቀኝ እግራቸው የላስቲክ ኮንጎ አድርገው ሳምንት ሙሉ ከረሙ። ለቅሶ የደረሱትም እንደዚያው ሆነው ነው። ሐዘንተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስ መስሎን ነበር፤ ለካ እግራቸውን ነው የሚያየው። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር «እኔን ከማን ጋር አነጻጽሮ እንዳገባኝ ግን ከሠርጋችን ጀምሮ ጠይቄው አልነገረኝም» ይላሉ።

ወደ አሞርዛተሩ እንመለስ። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣችው ጥቁሮቹ ሲሞቱ ጋሽ ቅጣው ወልድያ ወርደው ቢጫ አሞርዛተር ገዙ። ቢጫዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ደግሞ ሰማያዊ የሚባል መጣ፤ ውስጡ ዘይት ብቻ ሳይሆን ጋዝም አለው ተባለ። ይህን ሰምቶ የሚተኛ አነጻጻሪ የለምና አብሬያቸው ወልድያ ወረድኩ። ነጋዴው ሰማያዊውን መሬት ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ተጫነና ለቀቀው። አሞርዛተሩ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተመልሶ ተነሣ። ጋሽ ቅጣው አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ ያዩ ያህል አማተቡ።

«ነፍስ አለው!» አሉ።

ቢሆንም እንዲሁ አላመኑትም። አንድ ብቻ ገዝተው ተመለሱና ከኋላ በግራ ቢጫውን፣ በቀኝ ሰማያዊውን ገጥመው አሥራ አምስት ሰው ጭነው የኮረምን መንገድ ያዙ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ መኪናዋን አቆሙ።

«ውረዱ! የግራ ሰዎች ወደ ቀኝ፣ የቀኝ ሰዎች ወደ ግራ! እኩል መፍረድ አለባችሁ!»

ሰው እያጉረመረመ ቦታ ተለዋወጠ። መሪጌታ ገብረ አማኑኤል የሚባሉ አዛውንት ብቻ ከቀኝ ንቅንቅ አልል አሉ።

«ስማ ልጄ፣ በመጨረሻው ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎቹ ናቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን የደከምኩት በቀኝ ለመገኘት ነው፤ ላንተ ብዬ ወደ ግራ አልዞርም።»

ጋሽ ቅጣው ተከራክረው ሲያቅታቸው የመሪጌታን ምስክርነት ውድቅ አደረጉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሰማያዊው በአብላጫ ድምፅ አሸነፈና በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት መስከረም አራቱም ጎማ ሰማያዊ ተገጠመለት። ዳዶውን ያጠበቁት እሳቸው፣ ቁልፍ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ተሸናፊዎቹን ቢጫዎች ግን አልጣሏቸውም፤ ከመቀመጫው ኋላ ከክሪኩ ጋር አጋድመው ይዘዋቸው ይዞራሉ። መንገድ ላይ ጥርጣሬ ቢነሣስ?

ዓይናዲስ ቆላው ላይ፣ ፃግብጂ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት ሰባት ቀፎ ንብና አንዲት ልጅ ነበር። ልጅቷ ትግስት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ፓስፖርት አውጥታ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳትን ደላላ ትጠብቃለች። እናትና ልጅ ብዙ ተላቅሰው በመጨረሻ ተስማምተዋል፤ ዘንድሮ ማር ከተቆረጠ ትግስት ሰቆጣ ገብታ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ካልተቆረጠ ትሄዳለች። ያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቆላውን ቶሎ ትቶት ሄደና አበባ ጠፋ። ደጋው ላይ ሰቆጣ ዙሪያ ግን ነጩን ማር የሚሰጠው ግርቢያ አብቦ ነበር። «ንቦቹን ወደ አበባው እንውሰዳቸው» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ነገሩ ቢበላሽ ከእኔ ራስ አይወርድም።

ጉዳዩን ለጋሽ ቅጣው ስነግራቸው «ከምን አንጻር?» አላሉም። «ሰማያዊው የተፈጠረው ለዚህች ሴት ነው» አሉኝ።

በጥቅምት አንድ ምሽት፣ ንቦቹ ተሰብስበው ሲገቡ የቀፎዎቹን አፍ በወንፊት ሽቦ ዘጋን። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ፀሐይ ሳትበረታ መድረስ ነበረብን፤ የታፈነ ንብ ሙቀት ይጨርሰዋል። መንገደኛው እንደ ወትሮው እጁን እያነሣ ይጠብቀናል፤ የንቡን ጩኸት ሲሰማ ግን እጁን አውርዶ ይሸሻል። ከእናትና ልጅ ጋር አራታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበናል፤ ከኋላ ሰባት ቀፎ ብቻ ነው ያለው።

መኪናዋ ገና ኮረኮንቹን ስትነካ እንደ በቅሎ መራገጥ ጀመረች። ጋሽ ቅጣው ፍጥነት ቀነሱ፤ ባሰባት። ጨመሩ፤ ጭራሽ ጭንቅላታችን ከጣሪያው ተጋጨ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አያለሁ። ዓይናዲስ ጆሮዋን ከኋላው መስኮት አልለየችም።

«ጋሼ፣ ያቁሙልኝ» አለች። «ድምፃቸው ተለወጠ። ይኼ የቁጣ አይደለም፤ የለቅሶ ነው።»

ወርደን አየን። ከአንዱ ቀፎ ሥር ማር ይንጠባጠባል። ውስጥ ያለው የማር እንጀራ በንረቱ ተቆርጦ ንቦቹ ላይ ወድቋል። ትግስት ጠብታውን አይታ ፊቷን አዞረች። እናቷ «አንዱ ሄደ» አለችና ቁጭ አለች። የቀሩት ስድስቱም ከዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

ጋሽ ቅጣው መኪናዋን አንዴ ዞሯት። የኋላ ጥጓን በሁለት እጃቸው ተጫኗት፤ አልበገር አለቻቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈረ ሽማግሌ አላየሁም።

«ባዶዋን አላውቃትም» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ባዶዋን ነድቻት አላውቅም ልጄ፤ ሰባት ቀፎ ለእሷ ባዶ ማለት ነው። እጄ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን ባዶዋን ሄዳ አታውቅም። ያን ሁሉ ያነጻጸርኩት አሥራ አምስት ሰው ከነእህሉ ጭኜ ነው። ይኼ ሰማያዊ ደግ የሚሆነው ሲከብደው ነው። ሲቀለው ድንጋይ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ባዶ ፒካፕ ማን አይቶ ያውቃል? ባለቤቱ ባዶዬን ልሂድ ቢል እንኳ መንገደኛው አይፈቅድለትም። ያ ሁሉ ሙከራ፣ ያ ሁሉ ምስክር፣ አንዲት ቀላል መኪና ላይ አልተደረገም። በመላው ዋግ ይህን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ማንም አላስጠነቀቃቸውም።

«ዓይናዲስ እቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። «ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፤ ቢጫዎቹን ልመልስ።»

«ፀሐይዋስ ጋሼ?»

«ፀሐይዋን እናንተ ያዙልኝ።»

ያዟትም። እናትና ልጅ ነጠላቸውን ቀፎዎቹ ላይ እንደ ድንኳን ወጥረው ቆሙ፤ በየመሀሉ የመጠጥ ውኃችንን ያርከፈክፉበታል። ጋሽ ቅጣው መኪናዋ ሥር በጀርባቸው ገቡ። ማሩ አንገታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከተሰበረው ቀፎ ሾልከው የወጡት ንቦች ማሩን ተከትለው ፊታቸው ላይ ሰፈሩ። እኔ ጭሱን ይዤ ብራወጥም ለሁሉም አልደረስኩም። እሾህ ሲወጋቸው ሳምንት የሚያወሩት ሰውዬ «አሥራ ሰባት ቁልፍ»፣ «መዶሻ» ከማለት በቀር ድምፅ አላሰሙም። አንዱ ዓይናቸው ሲዘጋ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ቅጣው፣ አመመዎት?»

«ከምን አንጻር?» አሉኝ ከሥር፣ በደህናዋ ዓይናቸው ትግስትን እያዩ።

ቢጫዎቹ ተገጠሙ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በየጉድጓዱ ዝቅ ከፍ እያለች፣ ግን ሳትራገጥ ሄደች። ስድስት ቀፎ በሰላም ደረሰ። ወንፊቱን ስናነሣላቸው ንቦቹ ጥቂት ዞር ዞር ብለው ግርቢያው ላይ ሰፈሩ፤ ዓይናዲስ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር ስትላቸው ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ኅዳር ላይ ነጩ ማር ተቆረጠ። ትግስት ደብተር ገዛች፤ ፓስፖርቱን እናቷ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ጋሽ ቅጣው ቤታቸው ሲገቡ ፊታቸው አብጦ የእሳቸው አይመስልም ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ አገላብጠው አዩዋቸውና «አሁን እኔም ማነጻጸሪያ አገኘሁ፤ የድሮው ይሻላል» አሉ። እሳቸው ግን እብጠቱ ሳይጎድል በየጠጅ ቤቱ ዞረው ስሕተታቸውን በገዛ አፋቸው አወሩ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው ብለው ደነገጉ፤ ለሙሉ መኪና ሰማያዊ፣ ለባዶ መኪና ቢጫ። ለባዶ የሚሆን ቀን ደግሞ ስላልተገኘ ሰማያዊዎቹ በቦታቸው ተመልሰው ቀሩ።

ጥምቀት በዋለ ማግስት ደላላው መጣ። ከትግስት መንደር ዘጠኝ ልጃገረዶች ይዞ ሰቆጣ አውቶቡስ ሊያሳፍራቸው ነው። የተከራየው የጋሽ ቅጣውን መኪና መሆኑን ሳውቅ ተናደድኩ፤ ከሰው ሁሉ እሳቸው እንዴት ይህን ጭነት ይቀበላሉ? ለሥራ እዚያው ስለነበርኩ እኔም ጋቢና ገባሁ፣ ደላላው ከአጠገቤ ተቀመጠ። ከኋላ ዘጠኙ ልጆች ዘጠኝ ትንንሽ ሻንጣ ይዘው ተሳፈሩ። እናቶች መኪናዋን ከበው ያለቅሳሉ። ጋሽ ቅጣው ሞተር አስነሥተው መንቀሳቀሳችን እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ በዝግታ ሄዱ።

ደላላው ጥቂት ታገሠ።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል፤ ትንሽ ፈጠን ይበሉ እንጂ!»

«አይቻልም ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «አሞርዛተሩ አዲስ ነው። አዲስ አሞርዛተር መጀመሪያ እግሩን መፍታት አለበት፤ በችኮላ ከነዳኸው ይሞታል።»

ደላላው ወሬያቸውን ሰምቷል መሰለኝ፣ ከሊቀ አሞርዛተር ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ገብቶት ዓይኑን ወደ ሰዓቱ መለሰ። እኔ ግን ሰማያዊዎቹ ከተገጠሙ አራተኛ ወራቸውን እንደያዙ አውቃለሁ። አሞርዛተር እግር ይፈታል ሲባልም የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ዓይኔ ከጎን መስታወቱ ላይ ዐረፈ።

እናቶቹ በግራና በቀኝ ከመኪናዋ እኩል ይራመዳሉ። እያንዳንዷ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የልጇን እጅ ይዛለች። ለጥምቀት ከሰቆጣ የመጣችው ትግስትም ከታች፣ ከእናቷ አጠገብ፣ የጓደኛዋን እጅ ይዛ ትሄዳለች። አፌን ዘጋሁ።

ከመንደሩ እስከ ወንዙ መሻገሪያ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እኛም በመኪና አንድ ሰዓት ፈጀብን።