የሁለት ዶሮ አንድ እንቁላል

(ከጓሮ፣ ዶሮ ቤቱ አጠገብ። ጡረተኛው ቢላ ይስላል። የሟች ሚስቱ ወንድም፣ ዘመድ ሁሉ «ቀስ በቀስ» የሚለው፣ ትንሿን ዶሮ ታቅፎ ቆሟል።)

ጡረተኛው፦ ሁለቱን ዶሮዎች ጫጩት ሳሉ ከማስፈልፈያው ያመጣናቸው ሚያዝያ አሥራ አንድ ነው። ቆይ... ግንቦት ነበር እንዴ? እህትህ ጃንጥላ ይዛ ነበር፤ ዝናብ ከሆነ...

ቀስ በቀስ፦ ጃንጥላ ለፀሐይም ይያዛል፣ ጋሼ።

ጡረተኛው፦ ለማንኛውም ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። የማስፈልፈያ ዶሮ ሁለት ዓመት ደህና ትጥላለች፤ ከዚያ ጡረታ ነው። ከሁለቱ አሁን የምትጥለው አንዷ ብቻ ናት። የታቀፍካትን አምጣት፣ ትታረድ።

ቀስ በቀስ፦ ጡረታ የወጣ ሁሉ ይታረዳል?

ጡረተኛው፦ አፍህን ሰብስብ! ስለ ዶሮ ነው የማወራው።

ቀስ በቀስ፦ እሺ። ግን ለምን ትንሿ?

ጡረተኛው፦ ከጅምሩ ውዳቂ ናታ! ጥሩ ጫጩት እምብርቱ የተዘጋ፣ ዓይኑ የነቃ፣ በጀርባው ሲያስተኙት ብድግ የሚል ነው። ትልቋን ሳስተኛት እንደ ወታደር ተነሳች። ይቺ ግን...

ቀስ በቀስ፦ ተኛች።

ጡረተኛው፦ ተኛች! ልመልሳት ስል እህትህ ቀምታኝ ጉያዋ ከተተቻት።

ቀስ በቀስ፦ ደክሟት ይሆናላ። እኔም በጀርባዬ ከተኛሁ አልነሳም።

ጡረተኛው፦ እሱማ ይታወቃል!

ቀስ በቀስ፦ ትልቋ ስትጥል አይተዋል?

ጡረተኛው፦ ምን ማየት ያስፈልጋል? በየጠዋቱ እንቁላሉ ራስ ላይ ቆማ ሰፈሩን የምታናውጠው እሷ ናት!

ቀስ በቀስ፦ ማዋለጃ ክፍል ደጃፍ የጮኸ ሁሉ ወለደ ማለት ነው?

ጡረተኛው፦ አንተ ስለ ዶሮ ምን ታውቃለህ! ነገሩ ሳይንስ ነው። ከጭራዋ ሥር ሁለት አጥንቶች አሉ። መሀላቸው ሦስት ጣት ከገባ ትጥላለች፤ አንድ እንኳ ካልገባ አብቅቷል።

ቀስ በቀስ፦ ለክተዋቸዋል?

ጡረተኛው፦ የማውቀውን ለምን እለካለሁ?

(ቀስ በቀስ ትንሿን ገልብጦ ይለካል።)

ቀስ በቀስ፦ ሦስት። ከነቀለበቴ።

ጡረተኛው፦ ጣትህ ቀጭን ነው!

ቀስ በቀስ፦ በራስዎ ጣት ይሞክሩታ።

(ጡረተኛው ቢላውን አስቀምጦ ለካ። ሦስት። ትልቋን አሳድዶ ያዘ፤ ኡኡታዋን አቀለጠችው። አንድ ጣትም አልገባ። በግራ እጁ ሞከረ። አሁንም አልገባ።)

ጡረተኛው፦ ...አጥንቷ ወፍሮ ነው።

ቀስ በቀስ፦ እንግዲያው ትልቋን ይረዷት።

ጡረተኛው፦ እኔ ራሴ የመረጥኳትን?

ቀስ በቀስ፦ ካልሆነ ይቺን እኔ ልውሰዳት። ቢላ እያየች እንዴት አድርጋ ትጥላለች? ደግሞ እህቴ ነግራኝ ነበር።

ጡረተኛው፦ ምን ብላ?

ቀስ በቀስ፦ «ቤታችን የሚጮኸውና የሚሠራው ለየቅል ነው፤ ብነግረው ቅር ይለዋል ብዬ ዝም አልኩ» ብላ። በሉ ደህና ይዋሉ።

(ዶሮዋን ታቅፎ ወጣ። ጡረተኛው፣ «ስለ ዶሮዎቹ ነው?» ሊለው አፉን ሲከፍት የግቢው በር ተዘጋ።)