የእትዬ ይስማማሉ ጥንቸልና የእኔዋ ፉጨት

አጣማሪ የሌለበት ግቢ አይቼ አላውቅም። ሁለት ነገር ተራርቆ ካዩ ሳያገናኙ እህል የማይወርድላቸው፣ ጨውና ስኳርን በአንድ ዕቃ ቢያኖሩ ደስ የሚላቸው ሰዎች በየቦታው አሉ። እናንተም ግቢ አንድ አይጠፋም። ከጠፋም፣ እንጃ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ። ይቅርታ፣ ሰው ለመንካት ብዬ አይደለም። እጄ ለጽሕፈት ብዙ አልተፍታታም፤ ነገሩ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

የእኛ ግቢ አጣማሪ ክብርት አከራያችን ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ በሌሉበት ግን «እትዬ ይስማማሉ» ነበር የምንላቸው። አንድ ሰው «ይሄ ከዚያ ጋር እንዴት ይሆናል?» ብሎ ከጠየቀ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጉና «ይስማማሉ!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። ይግባኝ የለም።

ሌሊት የሚሠራውን ዳቦ ጋጋሪ ከሬዲዮ ጠጋኙ ጋር በአንድ ክፍል ያስገቡት እሳቸው ናቸው። «አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ አንዱ ቀን። አልጋው እንኳ አይበርደውም። ይስማማሉ!» አሉ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኑን ግን አልጠየቁም። ምስኪን ዳቦ ጋጋሪ! ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ፣ በሕልሙ ዜና እየሰማ ከረመ። ከሰዓት ሲነሳ የዓለምን ወሬ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል፤ ማን እንደነገረው ግን አያውቅም።

ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ እህትማማቾች ናቸው፤ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ምን አደረጉ? የአንደኛዋን የስፌት መኪና «ለጊዜው ልዋስ» ብለው ወሰዱና ቆለፉበት። እህትማማቾቹ በአንድ መኪና ፊት ለፊት ቀሩ። በሳምንቱ ሲያወሩ ተሰሙ። የሚያወሩትማ እትዬን እያሙ ነበር። እሳቸው በመስኮት አዳምጠው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ፣ «አላልኩም? ተስማሙ!» አሉ።

ሳይጣመር የቀረ ተከራይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ናት፤ ሁለት ሰው አትችልም። ይህ ነገር እትዬን እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር። በዚያ ላይ ሰው ሲያናግረኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ መልሱ የሚመጣልኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። «አንተ ዝምታ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ይሉኛል። «ከፉጨት ጋር» እላለሁ በሆዴ።

ፉጨት ጊኒ ፒግ ናት። ጊኒ ፒግ ለማያውቅ፣ ጅራት የሌላት፣ ክብ፣ ከአይጥ ተልቃ ከጥንቸል ያነሰች ፍጥረት ናት። እኔ ጽዳት የምሠራበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ውስጥ ነበረች። ክፍሉ ሲዘጋ መምህሩ ለእኔ ሰጡኝ። የላስቲክ ኮሽታ ስትሰማ ቅጠል የመጣላት መስሏት ታፏጫለች። ከሥራ ስመለስ ገና በሩን ሳልከፍት ታፏጫለች። እኔን በፉጨት የተቀበለኝ ሌላ ሰው የለም፤ ሰው ማለቴ፣ ያው ገብቷችኋል።

መምህሩ አብረው አንድ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፣ ስለ አያያዟ። ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር «ከጥንቸል ጋር አታኑራት» ይላል።

እትዬ ደግሞ ጥንቸል ነበራቸው። ኮሎኔል ይባላል፤ ነጭ፣ ግዙፍ፣ ሰውን በጎን የሚያይ ወንድ ጥንቸል። ከአሮጌ በር የተሠራው ሰፊ ሳጥኑ ልብስ ማስጫው ሥር፣ ጡብ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል።

አንድ ቀን እትዬ ክፍሌ ገብተው ፉጨትን ከነካርቶኗ አንስተው ወጡ።

«ይቺ ልጅ በጨለማ ልታልቅ ነው! ከኮሎኔል ጋር ትሁን።»

«እትዬ... እሱ እኮ...»

«ምን እሱ? እሱም ሣር ይበላል፣ እሷም ሣር ትበላለች። እሱም ፀጉር፣ እሷም ፀጉር። ከዚህ በላይ ምን ዘመድ አለ? ይስማማሉ!»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱን ይዤዋለሁ። አውጥቼ ሰው ፊት እየተንተባተብኩ ማንበብ ግን ሞት መሰለኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም ያንን ዝምታ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በሁለተኛው ቀን ኮሎኔል ሲያባርራት፣ ላይዋ ላይ ሲወጣባት አየሁ። «እየተጫወቱ ነው» አሉ እትዬ። በአራተኛው ቀን ጥግ ይዛ ቅጠሉን እሱ ሲጨርሰው ታያለች። «እያከበረችው ነው» አሉ። በሳምንቱ ጀርባዋ ተቧጭሮ አፍንጫዋ ይረጥባል፣ ታስነጥሳለች። «ይላመዳሉ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ቀነስ ብሏል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ላስቲኩን ሳጥኑ አጠገብ አንኮሻኮሽኩት። ምንም የለም። ደግሜ አንኮሻኮሽኩ። ኮሎኔል መጣ እንጂ ፉጨት አልተንቀሳቀሰችም። አላፏጨችም።

እጄን ሰድጄ አወጣኋት። እፍኝ ሙሉ አጥንት።

«ወዴት ነው የምትወስዳት? ገና እየተላመዱ እኮ ነው!» አሉ እትዬ ከደጃፋቸው።

«አይ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አይስማሙም እትዬ። ይገድላታል። ተጽፎልኝ ነበር፣ እኔ... እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።»

ሬዲዮ ጠጋኙ ሬዲዮውን ዘጋ። የስፌት መኪናው ቆመ።  እትዬ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ና፣ ተከተለኝ» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ሐኪሙ መረመራትና ቆጣ አለ። ጥንቸል እሱን የማያሳምመው ጀርም አፍንጫው ውስጥ ይዞ ይኖራል፣ ወደ ጊኒ ፒግ ሲተላለፍ ግን ሳንባዋን ይይዛታል አለ። እርግጫውም አጥንት ይሰብራል፣ ምግባቸውም አንድ አይደለም፣ እሷ እንደ ብርቱካን ያለ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ካላገኘች ትጎዳለች አለ።

«ለመሆኑ ማነው አንድ ላይ ያስገባቸው?»

እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «እንዲሁ... ተገናኝተው ነው» አሉ።

መድኃኒቱ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቀን ሦስት ጊዜ አፏ ውስጥ ጠብ የሚደረግ ነው። ጠዋትና ማታ እኔ እሰጣለሁ፤ የቀኑን ግን ሥራ ላይ ስለሆንኩ እትዬ «ለኔ ተወው» አሉ። ትተርፍ አትተርፍ ሐኪሙም አላወቀም። «አምስት ቀን ካለፈች እናያለን» ነው ያለው።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ እኩለ ቀን ላይ ለቀቀን። ግቢ ስገባ አንሶላ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ከአንሶላው ወዲያ ማዶ የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል። በአንሶላዎቹ መሃል አየሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፉጨት በፎጣ ተጠቅልላ ጭናቸው ላይ ናት። በሲሪንጁ ጠብ ያደርጉላታል፣ አፏን በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጉላታል።

«ዋጪ የኔ እመቤት። ዋጪ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ምን ታረጊዋለሽ። ለብቻ መሆንን ስለማልወድ፣ የሚወድ ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።» አፏን ደግመው ጠረጉላትና ቀጠሉ፦ «ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ።»

ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከግቢው ወጣሁ፣ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ በሩን በኃይል አንኳኳሁ፣ እንደ ሽማግሌ ሳልኩ፣ ከዚያ ገባሁ።

«ምን ያስልሃል? ደግሞ ከሷ ተላልፎብህ ነው?» አሉኝ፤ ሲሪንጁ ሻርፓቸው ውስጥ ተደብቋል።

ፉጨት ተረፈች። በስድስተኛው ቀን የካሮት ቅጠል በላች፤ በአሥረኛው ለላስቲኩ ኮሽታ አንዲት ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ እህትማማቾቹ ሳይቀሩ ሊሰሙ ወጡ። ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ጨመረ፦ ጊኒ ፒግ ብቻዋን መኖር የለባትም፣ የራሷ ዘር የሆነች ሴት ጓደኛ ያስፈልጋታል። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ከእኔ ጋር ብቻዋን ያኖርኳት እኔ ነኛ። እትዬ ግን ሐኪሙ ሳይጨርስ ሻርፓቸውን አንስተው ወጥተው ነበር። እስከ ከተማው ዳር ድረስ ሄደው፣ ጭናቸው ላይ ጓደኛዋ ያለችበትን ካርቶን ይዘው በአውቶቡስ ተመለሱ። ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ለሁለቱ ጊኒ ፒጎች ሰጡ፤ ኮሎኔል ከነሳጥኑ ወደ ግቢው ማዶ፣ ከእሳቸው መስኮት ሥር ተዛወረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አዲስ ተከራይ፣ የግድግዳ ቀለም ቀቢ፣ ሁለት ጥንቸል ይዞ ገባ። ግቢው በሙሉ ደጅ ተቀምጧል፤ እኔ ብቻ መቀመጫ አጥቼ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ጥንቸሎቼን ከነዚህ ጋር ላስገባቸው እንዴ? ቦታው ሰፊ ነው» አለ።

«በፍጹም!» አሉ እትዬ፣ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው። «ጥንቸልና ጊኒ ፒግ? የትኛው ሞኝ ነው እንዲህ የሚያደርግ? እኔ ይሄን ድሮም ነው የማውቀው!»

ሬዲዮ ጠጋኙ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዳቦ ጋጋሪው መሬት መሬት አየ። ቀለም ቀቢው እንደ ማሾፍ ብሎ «ኧረ? ማን ምስክር አለዎት?» አለ።

 እትዬ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምላሴ ግን ያን ቀን አልተሳሰረችም።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ሰማህ አይደል?» አሉት እትዬ ቀለም ቀቢውን፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። ወደ እኔ አልዞሩም። ግን ብድግ ያሉበትን በርጩማ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው አጠገቤ አደረሱትና እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ።