ጊታርን ያስገበሩት ባለ መቀስ

በዘመነ መሐላ፥ ማለትም ጸጉር አስተካካዩ፥ የመቀስ ጌታ፥ የአመፀኛ ጺም ገሪ፥ በሴት ልጃቸው የቀለበት ዕለት ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው «በሠርጉ ጊታር የምጫወተው እኔ ነኝ» ብለው ባወጁበት ዓመት፥ ጊታር የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። የሙሽራው አጎት በጺሙ ሥር ፈገግ አለ፤ ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልተመለሰም።

ወእምዝ ጎረቤታቸውን፥ ጡረታ የወጡትን የሙዚቃ መምህርት፥ አማካሪ አድርገው ሾሙ። ስኬሉን፥ ያን የድምፅ መሰላል፥ ሲወጡ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ እየተደናቀፉ፥ የግራ እጃቸው ጣቶች በሽቦው ተልጠው፥ ቤቱን ሁሉ ባስጨነቁ ጊዜ፥ ከአዳር ተረኝነት የተመለሱት ነርሷ ባለቤታቸው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ስማ፥ ያልሰማህ ተጠንቀቅ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ወዲህ ጊታር ይዞ የተገኘ ራቱን ራሱ ይሠራል።»

ስለዚህም ባለ መቀሱ ሠራዊታቸውን አስከትለው ተሰደዱ፤ እነርሱም መምህርቲቱ፥ አንድ በርጩማ፥ ኖታ እንዲሸከም የተመደበ የልብስ መተኰሻ ጠረጴዛ፥ በኋላም የከዳች ድመት ነበሩ። ኖታውን ባዩ ጊዜ በመስመሮቹ ላይ የተበተኑት ጥቋቁር ነጥቦች የተቈረጠ ጸጉር መስለዋቸው፥ እንደ ልማዳቸው እፍ አሉባቸው፤ ነጥቦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። መምህርቲቱ ሳቃቸውን ውጠው እያንዳንዱን ነጥብ በስሙ አስጠሯቸው።

በመጨረሻም ፓወር ኮርድ ተገለጠላቸው፤ ይኸውም መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ በሁለት ጣት ይዞ፥ የእጅን ቅርጽ ሳይለውጡ በጊታሩ አንገት ላይ ሽቅብ ቍልቍል መጋለብ ነው። ያን ቀን ማጠቢያው ክፍል ነጐድጓድ ሆነ፤ እርሳቸውም እንደ ልጅ ፈነደቁ።

ሠርጉ ደረሰ። ባለ መቀሱ ከአዳራሹ ፊት ቆመው ዜማውን ጀመሩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ዜማው ከራሳቸው ብን ብሎ ጠፋ። አጎትየውም ጕሮሮውን ጠረገ። እጃቸው ግን ያቺን የለመዳትን ኮርድ ይዞ አልለቅም አለ፤ እርሷኑ ደጋግመው መቱ። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ከወንበሯ ወርዳ፥ ሁሉ እየሰማ አወጀች፦ «አባዬ፥ እንዳታቆም። ዜማውን ለኔ ተወው።»

እርሷም ዘፈነች፥ እርሳቸውም ደበደቡ፥ ባለቤታቸው ምት ስተው አጨበጨቡ፥ አጎትየው ሳይቀር ትከሻውን ነቀነቀ። በዚያ ሰፈር ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከወንበሩ ያስነሣ አባት ከእርሳቸው በፊት አልታየም፤ ክብር ለተላጡት ጣቶቻቸው፥ ሞገስ ለድፍረታቸው፥ ዕድሜ ከነጤናው ለልጅቱ ጕሮሮ ይሁን።