ወና ቤት ለማየት የተደረገ ዝግጅት

ወና ቤት እየዞረ የሚጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም የገዛ ጓደኛዬ! «ለጀማሪ ዋናው ዝግጅት ነው» ብሎ የግንበኛ ሄልሜት አናቴ ላይ ደፋብኝ። ለሚስማሩ ወፍራም ጫማ፣ ለአቧራው ማስክ፣ ለጨለማው ባትሪ አዘጋጀልኝ። እሱ ደግሞ ወለሉ እንዳይከዳን መርገጫውን የሚፈትሽበት ረጅም ዘንግ ያዘ። ታዲያ ምን ቀረን ትላላችሁ?

ሱሉልታ ደረስን። ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው የተባለበት ግርግር ነው። በዚያ ሰሞን ሄልሜት ደፍቶ ዘንግ የያዘ ሰው ቀያሽ እንጂ ጎብኚ እንደማይመስል ማን ይንገረን? የወናው ቤት በር ጋ ሳንደርስ መንደርተኛው ከበበን፤ ጎረምሶቹ ድንጋይ አንስተዋል።

«አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ዘንጉ ላይ ተክለው። «መሬት ልትለኩ መጣችሁ?»

«ኧረ አይደለም ኦቦ! ባዶውን ቤት ልናይ ነው» አለ ጓደኛዬ።

«ባዶ? የኔ ቤት እኮ ነው። ይፈርሳል ብለው አስወጡኝ። አሁን ደግሞ ፕላኑ ቀርቷል ይባላል።» ሄልሜቴን ትክ ብለው አዩት። «እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ተመልሼ ልግባ ወይስ ልጠብቅ?»

ጓደኛዬ ዘንጉን ከጀርባው ደበቀ፤ እኔም ሄልሜቴን አወለቅሁ። የተዘጋጀነው ለሚስማር ነበር።