አማች በቄሳሮች ፊት

የማንኛውንም ነገር ምንነትና ዘመን ሳይወስን እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። በአንዳንዱ ቤት ይህ ሰው የሚለየው መኪና ነው፤ ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ የተሠራበትን ዓመት ይናገራል። በሌላው ቤት በሽታ ነው፤ ገና ስታስነጥሱ ስም ያወጣለታል። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት አባት ግን የሚለዩት የሮማ ቄሳሮችን ሳንቲም ነው። ዕጣ ሲወጣ እንዲህ ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተጭበረበረ ቲኬት ሲይዙ ስለኖሩ፣ ሰውን ሁሉ የሚያዩት ቲኬቱ ያለፈበት ተሳፋሪ አድርገው ነው። ከጡረታ በኋላ ተሳፋሪ ሲያጡ ወደ ቄሳሮች ዞሩ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አፈር የጠጣ ሳንቲም በከረጢት ያመጣሉ፣ በተጣራ ውኃ ይዘፈዝፋሉ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋሉ። ብሩሹን የሚያቀርበው አማቻቸው ነው። ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ስታገባ ደስ ያላቸው በዚህ ብቻ ነው የሚሉ አሉ።

ሰፈሩም ከምደባ አላመለጠም። ዳቦ ሻጩን ከአንገቱ ውፍረት የተነሳ «ኔሮ» ይሉታል፤ ምስኪኑ ምስጋና እየመሰለው አንድ ዳቦ ይመርቅላቸዋል። ጥርሳቸውን ሊታከሙ የሄዱ ቀን እንኳ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማስታወቂያ ሰውዬ በጣታቸው እያሳዩ አፍንጫው የቬስፓዢያን መሆኑን ለማስረዳት ሲታገሉ ነበር። አማቻቸውንማ መጀመሪያ የተዋወቁት ዕለት ነው የመደቡት። ከጎን አዩት፣ ከፊት አዩት፣ ከዚያ ለልጃቸው፣ «ላዩ ብር ነው» አሏት። «የኋላ ዘመን ሳንቲም እንዲህ ነው፤ ቅቡ ሲለቅ መዳብ ይሆናል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐኪሙ ከአማቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምደባው እንዲነሳለት።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ፈተና አለ። ሚስቱ ከእናቷ ጋር ወጓን ስትይዝ፣ እሱ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል፣ መብራት ይበራል፣ አንድ ሳንቲም መዳፉ ላይ ይደረጋል።

«ጢም አለው?» ይላሉ አባባ።

«የለውም መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ቄሳር የለም። አክሊሉስ? ቅጠል ነው ጨረር?»

«ጨረር። እንደ ፀሐይ የሾለ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ... ሳንቲሙ ዋጋው እጥፍ ነው፤ እንደ ሁለት ነው የሚቆጠረው።»

«ጀርባው ላይስ?»

«ሚዛን የያዘች ሴትዮ።»

«ሴትዮ ጎረቤት ናት። ይህቺ ርትዕ ናት።» ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፤ «ገና ነህ።»

ሐኪሙ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይነጫነጫል። የሰው መንጋጋ ከፍቶ የሚያስተካክል ሰው፣ በሞተ ቄሳር አገጭ እየወደቀ እስከ መቼ ይኖራል?

አንድ እሑድ አባባ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «አምጣ፣ ላሳይህ» ብለው ሳንቲሙን ተቀበሉት። ባለፈው እሑድ ያዩት ራሱ ነበር። መብራቱ ሥር ያዙት። «ጢሙን አየኸው? ከቄሳር ሃድሪያን በፊት እንዲህ አልተለመደም። አገጩ ደግሞ እንዴት እንደሞላ እይ።»

ሐኪሙ አየ። አባባ የሚያፈጡበት ገጽ ላይ ቄሳር የለም። ወንበር ላይ የተቀመጠች አምላክ ናት ያለችው፤ ቄሳሩ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሯል። የተናገሩትም ሁሉ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ የነገራቸው ነው። መብራቱ በየጊዜው ለምን እየጎላ እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው። «ጢም አለው?» ፈተና አልነበረም። ሰውየው እየጠየቁት ነበር።

ያን ሁሉ እሑድ የሚበቀልበት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። «ገና ነዎት» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ዋጠው።

«አየሁት አባባ» አለ። «ሙሉ አገጭ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ እሑድን ቀድሞ የሚጠብቅ ሰው ሆነ። የጆሮውን ቅርጽ፣ የፀጉሩን ጥቅል፣ ከሴቲቱ አምላክ እግር በታች ያሉትን ትንንሽ ፊደላት ሳይቀር ይተርካል። አባባም «ገና ነህ» የሚሉበት እንዳያጡ፣ አልፎ አልፎ አንድ ስህተት ጣል ያደርጋል።

ባለፈው እሑድ፣ «ጢም አለው?» ሲሉት፣ ደረቱ ድረስ ሊወርድ ምንም ያልቀረውን ጢም እያየ፣ «የለውም» አላቸው።

አባባ ሳንቲሙን ወሰዱና አውራ ጣታቸውን ቀስ ብለው አስኬዱበት። አገጩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔ ያረጀሁት ሐሰተኛ ቲኬት ስይዝ ነው» አሉ። «ይህ ስህተትህ አስመስሎ የተሠራ ነው።»

የሐኪሙ ጆሮ ጋለ። «አባባ፣ እኔ...»

«ዝም በል። ደህና ሥራ ነው። ደህና ሐሰተኛ ደግሞ አይጣልም።» ሳንቲሙን መልሰው መዳፉ ላይ አስቀመጡና እጁን ሳይለቁ ቆዩ። «ለልጄ እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

«ሌላውን እንኳ ማየት ካቃተኝ ወዲህ ነው የምሳሳተው። አንተን ግን ዓይኔ ደህና ሳለ ነው የተሳሳትኩብህ።» እጁን ለቀቁት። «በል ቀጥል። አክሊሉስ?»

ሐኪሙ ሳንቲሙን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው። እኒህን ሰውዬ ይወዳቸዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባባ» አለ። «አሁንስ ለእኔም አልታይ አለኝ።»

«ገና ነህ» አሉት፤ መብራቱንም ወደ እሱ አዞሩለት።