ሊቀ ጭስ እና የእህቴ ዳገት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሁሉ ለእሱ ገና ያልተጋገረ ሊጥ ነው። እኛ ዕቃ ስንገዛ ካርቶኑን ጥለን ዕቃውን እናስቀምጣለን። እሱ ካርቶኑን አስቀምጦ ዕቃውን ይበትናል። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ የገዛ ጥፍራችሁን ሥር እዩ፤ ግራሶ አይጠፋም።

የእኛው የእህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው የማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ፣ በማዕረጋቸው ክቡር ሊቀ ጭስ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ ደግሞ ከእኔ ነው የሰማው ይባላል፤ አልክድም።

ሊቀ ጭስ ትልቅ ሞተር አይወዱም። ነፍሳቸው ያለችው ዘይትና ቤንዚን ቀላቅላ የምትጠጣ፣ እንደ ተቆጣች ንብ የምትጮህ፣ ጭሷ ከቁመቷ የሚበልጥ ትንሽዬ ሞተር ላይ ነው፤ የሣር ማጨጃ በሉት፣ የውሃ መሳቢያ በሉት፣ ሞፔድ የሚሏትን ባለ ፔዳል ሞተር ሳይክል በሉት። እንዲህ ያለችውን ሲያገኙ አንገታቸውን እንደ ሐኪም ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ያቺን ቃላቸውን ይናገራሉ፤ «ፋብሪካው ፈርቶ የተወው ነገር አለ።»

ይህን ከሰማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሩጡ። አናጺው አልሮጠም። የሣር ማጨጃውን አሻሽለው መለሱለት፤ ከሣሩ ጋር አጥሩንም አጨደለት። ልብስ ሰፊዋም አልሮጠችም። ውሃ መሳቢያዋ ከእሳቸው እጅ ስትወጣ ውሃው የእሷን ጓሮ ዘሎ የጎረቤቷን የተሰጣ ልብስ እንደገና አጠበ። የጎደለው ሳሙና ብቻ ነበር።

የእህቴ ሞፔድ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እህቴ በየማለዳው ሁለት ቢዶን ወተት ጭና፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ላለው የአረጋውያን መኖሪያ ታደርሳለች። ሽማግሌዎቹ ቁርስ የሚበሉት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ወተትም ሰውም ሲያረፍድ የማትወድ ሴት ናት። ሞፔዷ አርጅታ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ያጥራታል። ያኔ እህቴ ፔዳሉን ረግጣ ታግዛታለች፤ ፔዳሉም አልበቃ ሲል ወርዳ ትገፋለች።

ክቡርነታቸው መጀመሪያ የሞተሯን ራስ ፈትተው ሊያሳሱት ፈለጉ። ራሱ ሲሳሳ ቤንዚኑ ጠብቆ ይታመቃል፤ ታምቆ የነደደ ደግሞ ጠንክሮ ይገፋል። ለዚህ ልክ ጠፍጣፋ ነገር ስላስፈለጋቸው የእህቴን መስተዋት ከግድግዳ አውርደው፣ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተውበት፣ ሳምንቱን ሙሉ ብረቱን ሲያሹ ሰነበቱ። እህቴ ሳምንቱን ፀጉሯን በድስት ክዳን እያየች አበጠረች።

ቀጥሎ ማርሚታው መጣ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎችን በብየዳ አያይዘው መሐሉ የወፈረ፣ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ ጭስ ማውጫ ሠሩ። ነፍሰ ጡር እባብ ይመስላል። እኔ ልስቅ ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ከሞተሩ የሚወጣው ግፊት ጠባቡ ጫፍ ጋ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል አሉኝ፤ ሳይነድ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን በሩ ላይ ይዞ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ምሳዬን ረስቼ «ከዚያስ ጋሼ?» ስል ራሴን ያዝኩት።

መለኪያቸው ሰዓት አይደለም፤ ጠመኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሞፔዷ ኋላ ኋላ እየተራመዱ፣ ሞፔዷ የደከመችበት ቦታ ሲደርሱ ግንብ ላይ መስመር ያሰምራሉ። የመጀመሪያው መስመር አናጺው በር ላይ ነበር። ከመስተዋቱ በኋላ ልብስ ሰፊዋ መስኮት ደረሰ፤ ከነፍሰ ጡሩ እባብ በኋላ አራት ቤት ጨመረ። ሰፈሩ ተንጫጫ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷ ሲታለፍ እንደ ተናቀች ቆጠረችው።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ሊቀ ጭስ አይባሉም ነበር። «ፋብሪካው ፈርቶ የተወው ነገር ገና አለ» ብለው ሞረድ አነሱ። ከሞተሩ ብረት ላይ ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሦስት ቀን ሞርደው አሰፉት። ሜዳው ላይ ሞፔዷ በረረች። ዳገቱ ላይ ግን አናጺው በር እንኳ ሳትደርስ ሞተች። ቀዳዳው ሲሰፋ የሞተሩ ኃይል ጩኸቱ ጣሪያ ሲነካ ብቻ የሚገኝ ሆነ፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጩኸቱ ይወርዳል። ኃይሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ መሰላሉን ወደ ላይ ሳበው ማለት ነው። እህቴ ከታች እስከ ላይ ገፋች። ሽማግሌዎቹ ደረቅ ዳቦ በሉ። ኃላፊዋም ሰኞ ካረፈደች ሌላ ወተት አቅራቢ እንዳላቸው አስታወቀቻት።

የተሞረደ ብረት አይመለስም። እህቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ቢዶኖቹን እያጠበች ዞር ሳትል፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልብረር አላልኩህም። ልድረስ ነው ያልኩህ» አለቻቸው።

ቅዳሜና እሁድ ከዚያ ቤት የሞተር ድምፅ አልተሰማም። ጸጥታው ሰፈሩን ረበሸው፤ እኔም ወሬ ይዤ ልመለስ ሄድኩ። ክቡርነታቸው ጓዳ ውስጥ አንድ ያረጀ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የፍጥነት መዝገብ ይሆናል ብዬ አጮለቅኩ። «አናጺው በር፤ ወረደች፣ ግራ ጉልበቷን ያዘች» ይላል። «ልብስ ሰፊዋ መስኮት፤ ወረደች፣ አረፈች፣ ጉልበቷን አሸች።» ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ጠመኔ የሞተሩ ክብር መስሎን ስንፎክርበት፣ ለካ የእህቴ እግር መሬት የነካበት ቦታ ኖሯል።

ደብተሩን ከድነው ከጨርቅ ሥር አንድ ሰፊ ባለ ጥርስ ክብ አወጡ፤ ከተጣለ የጭነት ሞተር ሳይክል ላይ የፈቱት ነው። የኋላ ጎማው ላይ አስረው ሰንሰለቱን ሊያዞሩበት ነው። ይህ ከገባ ሞተሩ ዳገት ላይም እንደ ልቡ ይጮሃል፣ ከሰገነቱ አይወርድም አሉኝ።

«ሞፔዷስ?»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ትዘገያለች።»

«በጣም?»

«በጣም። ለሰው እንዳትነግር።»

ሰኞ ሞፔዷ እንደ ሺህ ትንኝ እየጮኸች በእግር እርምጃ ዳገቱን ጀመረች። አናጺው ከጎኗ እየሄደ ስለ ጣውላ ሲያወራ ነበር። አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት አልፈዋት ሄዱና ዞር ብለው በአዘኔታ አዩአት። እሷ ግን የአናጺውን በር አለፈች፣ የልብስ ሰፊዋን መስኮት አለፈች፣ መስመሩን ሁሉ አለፈች፤ እህቴም እንደ ወይዘሮ እግሯን ሰብስባ ላይዋ ተቀምጣለች። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ መኖሪያው በር ላይ ደረሱ።

ሊቀ ጭስ ላብ በላብ ሆነው ከኋላ ደረሱ። ጠመኔውን አውጥተው ግንቡን ትንሽ አዩት። ከዚያ ሳያሰምሩ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

እንዳልነግር ምዬ ነበር። የፍጥነት ሊቁ በገዛ እጃቸው የአገሩን ቀርፋፋ ሞፔድ ሠርተዋል ብሎ ማውራት ነውር ነው፤ እኔም ለአናጺውና ለልብስ ሰፊዋ ብቻ ነው የነገርኩት፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ።

ትናንት ከሱቅ ያመጣኋትን አዲስ የሣር ማጨጃ አዩና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እስኪሉት አልጠበቅኩም፤ ማጨጃዋን ሰጥቼ ካርቶኑን አስቀመጥኩ።