የደረጃ ላይ ጸሎተኛ

እስቲ ንገሩኝ፣ «እጸልይልዎታለሁ» እንደማለት ያለ ርካሽ ስጦታ የት ይገኛል? እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሁሉ አድላለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ብቻ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ተቀብለውኛል።

ትናንት ግን የደረጃውን ብረት ተደግፈው አስቆሙኝ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ በማን ስም ነው የምትጸልይልኝ? የክርስትና ስሜን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ሰው በጠዋት እንዲህ ይፈተናል?

«ወለተ...» ብዬ ጀመርኩና እንዲጨርሱልኝ ጠበቅኩ። የሴት ክርስትና ስም መጀመሪያው አያስቸግርም፤ ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው።

እሳቸውም ጠበቁ።

«ወለተ... ማርያም?»

«ተወው» አሉኝ። «እኔ ግን ስምህን ከእናትህ ጠይቄ፣ ‹ለገብረ መድኅን ልብ ስጠው› እያልኩ ስሰግድ ዓመቴ። ይኼ ጉልበት በምን የታመመ መሰለህ?»